ሙስታንግና ካማሮ በጭቃ ግድግዳ ላይ

ወንድ እጁ ላይ ስላለው ነገር ብዙ አይከራከርም። ስለ በሬው፣ ስለ ማሳው፣ ስለ ሚስቱ ጠይቁት፤ «ደህና ነው» ብሎ ያልፋችኋል። አይቶት ስለማያውቀው፣ ሊያገኘውም ስለማይችለው ነገር ግን አንሱበትና እዩት፤ እራቱ ይቀዘቅዛል፣ ጉሮሮው ይደርቃል እንጂ አይረታም። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ በሠርግ ተቋርጧል። ያገኘሁት ከቤቴ ግድግዳ ነው።

ቤታችን ላሊበላ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ነው። ደምሴ ያገባኝ ሰሞን ግድግዳውን እኔ በጭቃ መረግኩት፤ እሱ ደግሞ የዱቄት ሙጫ በጥብጦ ወረቀት ለጠፈበት። እንደ ሰው ቤት ጋዜጣ ቢሆን ደግ። ባሌ ሾፌር ነውና፣ ከአብዮቱ በፊት ቱሪስቶች ጥለውት የሄዱትን የአሜሪካ መኪና መጽሔት ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ገጽ በገጽ ገንጥሎ ለጠፈው። ከአልጋው ራስጌ ቀይ ሙስታንግ፣ ከበሩ አጠገብ ሰማያዊ ካማሮ። አንደኛው የፎርድ፣ ሁለተኛው የሸቭሮሌ ልጅ ነው። ለእኔ የሁለቱም አፍንጫ ረዘመብኝ፣ ኋላቸው አጠረብኝ፤ ሆዳቸው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። በእኛ መንገድ ቢመጡ የመጀመሪያው ወንዝ ድንጋይ ይዘነጥላቸው ነበር። ይህን ብል ሁለቱም ወንዶች ሳቁብኝ።

ሁለተኛው ወንድ ጎረቤታችን አያ አስማረ ነው፤ ልብስ ሰፊ፣ የባሌ የልጅነት ጓደኛ፣ የካማሮ ጠበቃ። ከሥራ ሲመለሱ ከግድግዳው ሥር መደቡ ላይ ይቀመጡና ይጀምራሉ።

«የኔው ግንባር ላይ ያለውን አርማ እየው፤ መስቀል ነው። ያንተው እንስሳ ለጥፎ ይዞራል» ይላል አስማረ።

«እንስሳ? የጊዮርጊስ ፈረስ ነው እንጂ! ኮቴው እኛው ደብር ድንጋይ ላይ ታትሞ የለ እንዴ?» ይላል ደምሴ። የአሜሪካ ስም በማይወደድበት ዘመን ስለነበርን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጨምራል፤ «ደግሞ ወደ ግራ ነው የሚጋልበው፤ ቀበሌ ቢገባ እንኳ አላፍርበትም።»

«ሞተሩ እንደሆነ የሁለቱም ባለ ስምንት ሲሊንደር ነው።»

«ሙስታንግ ግን ቀድሞ ወጣ! ያንተው እሱን ሊያባርር ነው የተወለደ።»

«የተከተለማ የፊተኛውን ጉድለት አይቶ ነዋ የተሠራ!»

ከዚያ ወደ ኋላ መብራት ይሻገራሉ። የሙስታንጉ በየጎኑ ሦስት ሦስት ሆኖ የቆመ ነው፤ የካማሮው የተጋደመ። በዚህ ሰው ይጣላል? ይጣላል።

አንድ ጊዜ ደምሴ ተስቦ ይዞት አልጋ ላይ ዋለ። ጨንቆኝ አስማረን ከደጅ ያዝኩት። «አያ አስማረ፣ ለዛሬ እንኳ ተረታለት፤ ደስ ይበለው» አልኩት።

«አበድሽ፣ እታለም? እኔ እሺ ካልኩት፣ ሊሞት መሆኑን ያውቃል። በድንጋጤ ይሞትብሻል።»

ገብቶ «ካማሮ ነው» ሲለው ደምሴ ተናዶ ከትራሱ ቀና አለ። በንዴት ዳነ ማለት ይቻላል።

ተስቦው ያልወሰደብኝን ጦርነቱ ጠራው። ሾፌርም ልብስ ሰፊም እኩል ተፈልጎ ሁለቱን ባንድ ካሚዮን ጫኗቸው። ልጄን አዝዬ ሸኘኋቸው። ደምሴ ከላይ ሆኖ «ግድግዳውን እንዳትነኪብኝ! ይሄን ሰው ሳላሳምነው አልቀርም» አለኝ። አስማረ ከጎኑ «ስመለስ ሙስታንጉን ምድጃ ነው የምከተው» አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይመለስልኝ ይሆን?

ክረምት ገባ፣ መንገድ ተዘጋ፤ መንገድ ተከፈተ፣ ወሬ የለም። ጭቃው ሲሰነጠቅ በወረቀቶቹ ዙሪያ እየዞርኩ መረግኩ። አይጥ ሙጫውን ፈልጎ የካማሮውን አንድ ጎማ በላው። ሙስታንጉን አላስነካሁም። ራስጌዬ ነዋ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥጥ ስፈትል በሩ ጨለመብኝ። አያ አስማረ ነው፤ በምርኩዝ። ብቻውን። ተነሥቼ ሳምኩት። ስለ ባሌ አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝም። በእኛ አገር መርዶ እንዲያው አይነገርም፤ ሽማግሎች ተሰብስበው ማልደው ይመጣሉ፤ እሱም ወጉን ያውቃል። ተቀመጠ። ውሃ ጠጣ። ልጄን አቅፎ ግድግዳውን ሲያይ ቆየና፣

«እታለም» አለ፣ «ሙስታንጉ ይበልጣል።»

እንዝርቱ ከእጄ ወደቀ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሎቹ ሲመጡ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደጃፍ ላይ ጠበቅኳቸው። «ማን ነገረሽ፣ ልጄ?» አሉኝ፤ አስማረን በዐይናቸው እየገረፉ።

«ማንም አልነገረኝም፤ ስለ መኪና ብቻ ነው ያወራነው» አልኳቸው። እውነቴን ነው።

ከተዝካሩ በኋላ አያ አስማረ እሑድ እሑድ እየመጣ ከግድግዳው ሥር ይቀመጣል። ክርክር የጠፋበት ቤት እንዴት እንደሚከብድ አላውቅም ነበር፤ እናንተም አትወቁት። አንድ እሑድ ግን አላስቻለኝም። ባሌ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ ሄጄ ተቀመጥኩና፣ «ለነገሩማ ካማሮው ነው የሚበልጥ» አልኩ።

አስማረ ቀና አለ። ፊቱ ቀላ።

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂና! የጊዮርጊስ ፈረስ ነው እንጂ! ኮቴው እኛው ደብር ድንጋይ ላይ ታትሞ የለ እንዴ?»

አንድ ጎማውን አይጥ የበላው መኪና ይዤ እስኪመሽ ተከራከርኩት። አልተረታሁለትም።