ወዳጅ እንዳይቀየም

አገሩን ያጣ ጦር መድፍ ቢያጣ እንኳ ሳንሱር አያጣም። እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ይህን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእኛ የፖላንድ ወታደሮች ጋዜጣ ጣሊያን ውስጥ፣ አንኮና አጠገብ፣ ጭነት መኪና ላይ በተተከለ ማተሚያ ነበር የሚታተመው። ማሽኑን በእጄ የማዞረው እኔ ነኝ። ምን እንደሚታተም የሚወስኑት ደግሞ ክቡርነታቸው ሻምበል ክሳቬሪ ኦስታፊን ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረቀቱን የሚሰጡን እንግሊዞች ናቸው፤ ሩሲያ የእንግሊዝ ወዳጅ ናት፤ ስለዚህ ሩሲያ አገራችንን ወርራ በእኛ ላይ ያደረገችው አይጻፍም። ሻምበል እርሳሳቸውን አንስተው «ወዳጅ እንዳይቀየም!» ሲሉ ዓረፍተ ነገሩ አለቀለት። እርሳሱም ሰማያዊ ነው። ቀዩ ራሱ ነገር ያመጣል ብለው ይመስለኛል።

አንድ መቶ አለቃ ለፍቅረኛው በጻፈው ግጥም «ከምሥራቅ የነፈሰ ብርድ» ብሎ ነበር። ሻምበል «ከአንድ በኩል የነፈሰ» አደረጉት። የቀይ ሥር ሾርባ አሠራር ስናወጣም «ቀይ» ተሰረዘች። በማግስቱ የአንዱ ሻለቃ ጦር ወጥ ሠሪ ጭልፋውን እንደያዘ መጣ።

«እናንተ ሰዎች፣ የምን ሥር ነው? የወይራ ሥር ቀቅዬ ሻለቃውን ልፍጀው?»

«ሥሩን አንተ ታውቃለህ» አሉት ሻምበል ኮስተር ብለው፣ «ቀለሙን ለእኛ ተወው።»

የተሰረዘው ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል። አንዳንድ ቀን ጋዜጣው የተሰጣ አንሶላ ይመስላል። እኔን ግን አልከፋኝም። ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ስለማነብ ነጩ ጋ ስደርስ አርፋለሁ።

ብዙ ቀን ሳመነታ ቆይቼ አንድ ጊዜ እኔም ማስታወቂያ ይዤ ቀረብኩ። ከልቮቭ አጠገብ ሩሲያኖች የወሰዷትን ባለቤቴን፣ ሳሎሜያን፣ እፈልጋለሁ የሚል ነው። ሻምበል፣ ሩሲያ የያዘችብን ከተማ ናትና፣ ልቮቭን ሰረዙ። ሩሲያኖችን ሰረዙ። «የወሰዷትን» ላይ ትንሽ ቆይተው ያችንም ቃል ከነሳሎሜያ ስም ሰረዙ።

«ምን ቀረ?» አልኩ።

«‹ባለቤት እፈልጋለሁ›።»

«ጌታዬ ሻምበል፣ እንዲህማ ጦሩ ሁሉ ይፈልጋል!»

እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰኩ። «እስቲ ኢግናጺ፣ እሷና አንተ ብቻ የምታውቁት፣ ማንንም የማያስቀይም ነገር የለም?»

ፊቴ ጋለ። «አለ… ግን ያሳፍራል። በሠርጋችን ቀን ዝይ ሱሪዬን ቀደደችብኝ።»

«የት ላይ?»

«ከኋላ።»

«ግሩም! ዝይ ፖለቲካ የላትም» አሉና በገዛ እጃቸው ጻፉት፦ «በሠርጉ ቀን ዝይ ከኋላ ሱሪውን የቀደደችበት ኢግናጺ ባለቤቱን ይፈልጋል።» ከዚያ ወዲያ ወታደሩ ሁሉ ባለፍኩበት እንደ ዝይ ሲጮኽብኝ ከረመ። ሻምበልን ረገምኳቸው፣ በልቤ።

ከወራት በኋላ ጋዜጣችን ከሚደርስበት ከአፍሪካ፣ ከሩሲያ የተለቀቁ ወገኖቻችን ከሰፈሩበት ከታንጋኒካ የስደተኞች ሰፈር፣ ለጋዜጣው መልስ መጣ። ሻምበል የመኪናውን በር ዘጉና እንድቀመጥ አዘዙኝ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ አነበቡልኝ። «ሩሲያኖች ሳይቤሪያ ወስደው እንጨት አስቆረጡን። እናትህን በረዶ ውስጥ ቀበርኳት። ዝይዋን ወታደሮቹ በሏት። ሱሪህን ግን ጠግኜ ይዤዋለሁ። ሳሎሜያ።»

ሳልጠይቃቸው እንደገና አነበቡልኝ። አፌ እንዳመጣልኝ «ወዳጅ አይቀየምም?» አልኳቸው።

«ጆሮህ ጋዜጣ አይደለም» አሉና ሰማያዊውን እርሳስ አነሱ። ከሱሪው በቀር ሁሉንም ሰረዙ። ማሽኑን ያዞርኩት እኔው ነኝ።

ያ ጋዜጣ አሁንም አለኝ። ለሌላ ሰው ሰፊ ነጭ ወረቀት ነው፣ ከግርጌው አንድ የተጠገነ ሱሪ። እኔ ግን በዕድሜዬ ሳልደናቀፍ የማነበው ያንን ነጩን ብቻ ነው፤ እሱንም በሻምበል ድምፅ።