ሲጋሩ የመረጠው ሰው

ልሳነወርቅ ያን ሕልም ያየው በጠራራ ፀሐይ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ከምሳ በኋላ ጋደም የማይል ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ አንድ ነገር ሆኗል ይባላል። ልሳነወርቅ እንግዳ አልነበረም፤ ምንም አልሆነም። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ረጅምና ቀጭን የጥርስ ሐኪም ነው። በከተማው አንቱታ ብዙም አይታወቅምና እኛም «እሱ» እያልን ብናወራው ቅር አይለውም።

አጫሽ የሚባል ሰው አይደለም። ሲጋራ በአፉ አይዞርም፤ ጥርሱ በሲጋራ የበለዘ ታካሚ ሲመጣበት መሣሪያውን ከማንሳቱ በፊት ሩብ ሰዓት ይቆጣል። ሆኖም በዓመት ሦስት ወይ አራት ቀን፣ ደስ ያለው ዕለት፣ አንድ ወፍራም ሲጋር ከሣጥኑ አውጥቶ ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ይህን ፍቅር ያተረፈው ኩባ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ለትምህርት ከተላኩ የአገሩ ልጆች ጋር በመርከብ ሄዶ፣ እዚያው አድጎ፣ እዚያው ጥርስ መንቀልና መሙላት ተምሮ ተመለሰ።

ደስታው ከማጨሱ ይልቅ መምረጡ ላይ ነው። ከውጭ የሚመጡ ወዳጆቹ የሚያመጡለትን አምስት ስድስት ሲጋር እርጥብ ስፖንጅ ባለበት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ያኖራል፤ የድሬ ሙቀት ሲጋርን እንደ ጭራሮ ያደርቀዋልና። ቀኑ ሲደርስ አንድ በአንድ ያወጣቸዋል። በሁለት ጣቱ ጫን ጫን ያደርጋል፤ ጠንክሮ ከገፋው ትንባሆው ተጠቅጥቋል፣ ጭስ አያሳልፍም። ጆሮው ሥር አድርጎ ያሽከረክረዋል፤ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። ያሸተዋል። የላይኛውን ቅጠል ጅማቶች በመነጽሩ ያያል። ሚስቱ ስንቅነሽ ይህን ስታይ፣ «እኔን እንዲህ አገላብጠህ አይተኸኝ ቢሆን ኖሮ አታገባኝም ነበር» ትለዋለች።

ሕልሙን ባየበት ቅዳሜ ግን ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ሙሜ የሚመጣበት ቀን ነው። ሙሜ የኩባ ባልንጀራው ነው፤ አንድ መርከብ ላይ አብረው ያስመለሱ፣ አንድ መኝታ ክፍል ውስጥ አብረው ያደጉ። እሱ እርሻ ተምሮ ኤረር ላይ ብርቱካንና ሎሚ ያለማል። መርከቧ የተነሳችበትን ቀን ለማሰብ በየዓመቱ ወደ ድሬ ይመጣል። ከስምንት ዓመት ወዲህ ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ሲጋር ይዞ ነው የሚመጣው። «አንድ ሰው ከውጭ አመጣልኝ» ይላል። ራሱ አያጨስም፤ ደረቱ አይችልም። ፊት ለፊት ተቀምጦ ጓደኛው ሲያጨስ ማየት ነው ደስታው።

ያ ሲጋር ክፉ ነው። የተቃጠለ ጆንያ ከበርበሬ ጋር ይላል። በመጀመሪያው ዓመት ሙሜ ዓይን ዓይኑን እያየ «እንዴት ነው?» ሲለው፣ ልሳነወርቅ እንባውን እየዋጠ «እንዲህ ያለ አጭሼ አላውቅም» አለ። ውሸት አልነበረም። ሙሜ ግን ፊቱ በራ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ዓመት ሄደ።

«ዛሬ ንገረው» አለችው ስንቅነሽ ምሳ ላይ።

«እንዴት ብዬ?»

«በአፍህ! በልጅነት የተዋወቃችሁ ሰዎች አይደላችሁ?»

«ሰው ተሸክሞ ያመጣልህ ነገር ይናቃል እንዴ?»

«እንግዲያው ጨርሰህ አጭስ። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ የምትስለው እኔ ጆሮ ላይ ነው።»

ልሳነወርቅ ሸሚዙን አወለቀና አልጋው ላይ ወጣ። ነገሩ ደረቱ ላይ እንደተጫነው እንቅልፍ ወሰደው።

በሕልሙ ጫማው እሱን አድርጎ ወጣ። አስፋልቱ ላይ የሰዎች ጥላ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሰዎቹ ግን መሬት ላይ ተነጥፈው እየተጎተቱ ይከተላሉ። ባጃጆች በሰው ጀርባ ተሳፍረዋል። «ወራጅ አለ!» አለች አንዷ ሰማያዊ ባጃጅ። ተሸክመዋት የነበሩት ሽማግሌ በቀስታ አወረዷትና ላባቸውን ጠረጉ። መንገዱ ጥግ ላይ አንድ እግረኛ ፊሽካ ሲነፋ ትራፊክ ፖሊሱ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ጥፋቴ ነው፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» እያለ ይለማመጣል። ልሳነወርቅ በዚህ ሁሉ አልተገረመም። ሁሉም ነገር ተገቢ መስሎት እየተደሰተ ሄደ።

አንድ በረንዳ ላይ ሦስት ፍየሎች ትራስ ተደግፈው ጫት ይቅማሉ። በራፉ ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች ፍየሎቹ የሚጥሉትን ገራባ ለመልቀም አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ።

«ይሄ ረጅሙ ሐኪም ነው፤ ይግባ» አለች አንዷ ፍየል።

«ሐኪምም ቢሆን ሰው ነው። አንዴ ካስገባሽው ይለምዳል» አለ ጢማሙ።

ልሳነወርቅ አመስግኖ አለፈና ራሱን ክሊኒኩ ውስጥ፣ የታካሚው ወንበር ላይ ተጋድሞ አገኘው። ታካሚዎቹ ሁሉ ነጭ ጋዋን ለብሰው አፉን ከፍተው ያያሉ።

«ጥርሱ ጤነኛ ነው» አለች ከታካሚዎቹ አንዷ፣ በርበሬ ነጋዴ። «ጉሮሮው ላይ ግን የተዋጠ ቃል አለ።»

«ይነቀል?» አለ ሌላው ታካሚ።

«አይነቀልም። ሥሩ ረጅም ነው። ወደ ሱቁ ላኩት።»

ሱቁ ቀዝቃዛና የእንጨት ሽታ ያለው ነበር። ግድግዳው ሁሉ መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ወንዶች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ሻጯ ቀይ ቆብ የደፋች ክብሪት ነበረች፤ ብትናደድ ሱቁ ስለሚጋይ ሁሉም ሰው በለሆሳስ ያናግራታል። ልሳነወርቅን ሆዱ ላይ ቀይና ወርቃማ ወረቀት አሰረችለትና ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አስተኛችው። ወረቀቱ ላይ «በእጅ የተጠቀለለ። በዝግታ የሚነድ» ይላል። አጠገቡ ሙሜ አረንጓዴ ወረቀት ታስሮለት ተጋድሟል።

«ሙሜ! ስንት ቀን ሆነህ?»

«እኔ እንጃ። ስፖንጁ ግን ደስ ይላል።»

እውነትም ደስ ይል ነበር። ራስጌያቸው ያለ ትልቅ እርጥብ ስፖንጅ ቀስ እያለ ይተነፍስባቸዋል። ልሳነወርቅ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ተመችቶት ተኝቶ አያውቅም። ታዲያ በሩ ተከፈተና ሲጋሮች ገቡ። ባርኔጣ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ፣ አለባበሳቸው የከበረ። ሁሉም ከፊት ለፊታቸው ቆመው ማማረጥ ጀመሩ።

«ለዘወትር ነው ለበዓል?» አለች ክብሪቷ።

«እኔ ሰው ዘወትር አላጨስም» አለ አንድ ወፍራም፣ ቡናማ ሲጋር። «በዓመት ሦስቴ ወይ አራቴ። ልማድ ከሆነ ጣዕሙ ይጠፋል።»

ልሳነወርቅ ኳስ ጨዋታ ላይ ቡድን ሲከፋፈል «እኔን፣ እኔን» እያለ በልቡ እንደሚለምን ልጅ ሆነ። ወፍራሙ ሲጋር አጎንብሶ ጎኑን ጫን ጫን አደረገው። ጆሮው ሥር አስጠግቶ አሽከረከረው።

«አይንኮሻኮሽም። እርጥበቱ ደህና ነው።» እግሩን አሸተተ። «ፀሐይ የጠገበ ነው። ይህን እወስዳለሁ።»

አንድ ቀጭን ሲጋር ደግሞ ሙሜን መረጠ። ሁለቱንም ውጭ ዛፍ ሥር አወጧቸውና ፊት ለፊት አስቀመጧቸው።

እዚያ አገር ሰው የሚለኮሰው በጥያቄ ነው።

«ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎህ ያሸተትከው ነገር ምንድን ነው?» አለ ወፍራሙ ሲጋር።

ልሳነወርቅ አፉን ሲከፍት ወሬው ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ወጣ። ኩባ ደሴት ላይ ስላደገበት ትምህርት ቤት ተናገረ፤ ጠዋት ጠዋት ፍራፍሬ ለቅመው እጃቸው ሎሚ ሎሚ እያለ ወደ ክፍል ስለሚገቡት ልጆች። አንሴልሞ ስለሚባለው ሽማግሌ ዘበኛ። አንሴልሞ እሑድ እሑድ ጢሙን ተላጭቶ፣ የበሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ሲጋር ይመርጥ ነበር። አገራቸው ናፍቋቸው የሚያለቅሱ ልጆች ሲያይ ይጠራቸውና ያልተለኮሰውን ያስሸትታቸዋል። «ምን ይላል?» ይላቸዋል። ሙሜ አንድ ቀን፣ «የአባቴን ጎተራ ይላል» ብሎ ለቅሶውን አቆመ።

ወፍራሙ ሲጋር ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። «ማር አለው» አለ። «ዝናብ የነካው አፈርም አለው። መሐሉ ላይ ደግሞ… ምነው?»

ጭሱ ቆመ። ልሳነወርቅ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም።

«ታፈነ» አለ ቀጭኑ ሲጋር።

«ያሳዝናል። ጥሩ ሰው ነበር። ግማሽ ላይ እንተወው?»

ልሳነወርቅ ደነገጠ። ግማሽ የቀሩ ሰዎች ተጣምመው የተጣሉበት ሰፊ መተርኮሻ ጠረጴዛው ላይ አየ። ሊለምን ፈለገ፤ ድምፅ አልወጣውም። ወፍራሙ ሲጋር ግን አዘነለት። ሁለት ጣቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ያሸው ጀመር።

«እዚህ ጋ ቋጠሮ አለ። የቆየ ነው። ስምንት ዓመት ይሆነዋል። አውጣው።»

«አይወጣም» አለ ልሳነወርቅ በጭንቅ።

«ለምን?»

«ወዳጄን ያስከፋዋል።»

«ታዲያ ከወዳጅህ ጋር የምታወራው ሁሉ የሚያልፈው በዚህች ቀዳዳ አይደለም?»

ይህን ብሎ አንዴ ጫን አደረገው። ያን ጊዜ ቋጠሮው ተፈታ።

«ሙሜ!» ብሎ ጮኸ ልሳነወርቅ። «የምታመጣልኝ ሲጋር አይጨስም! የተቃጠለ ጆንያ ነው! በርበሬ በርበሬ ይላል! ስምንት ዓመት እስከ መጨረሻው ያጨስኩት ፊትህ እንዳይጠቁርብኝ ብዬ ነው!»

ነጭ ጭስ ቡልቅ ብሎ ወጥቶ በቅጠሎቹ መሐል አለፈ። ልሳነወርቅ ሰውነቱ እንደ ጥጥ ቀለለው። ወፍራሙ ሲጋር፣ «አሁን ገና ጣፈጠ!» አለ። ልሳነወርቅ ወደ ሙሜ ዞረ። ሙሜ ዓይኑን አፍጥጦ ያየዋል፤ ቅንድቡ ወደ ግንባሩ ወጥቷል። ዛፉ ጠፋ። ሲጋሮቹ ጠፉ። አረንጓዴው ወረቀት ጠፋ። የሙሜ ፊት ግን እዚያው ቀረ።

አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ስንቅነሽ በሩ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች።

«ቀደም ብዬ ደረስኩ» አለ ሙሜ። «የተኛ ሰው አይቀሰቀስም ብዬ እዚሁ ቁጭ አልኩ።»

«ምን… ተናገርኩ እንዴ?»

«ጆንያ አልክ።»

«በርበሬም ብለሃል» አለች ስንቅነሽ።

ልሳነወርቅ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ሙሜ ባርኔጣውን ሲያሽከረክር ቆየና፣

«ከውጭ ያመጣልኝ ሰው የለም» አለ። «እኔ ነኝ የምጠቀልለው። ከብርቱካኑ ጀርባ ትንባሆ ተክያለሁ። መጀመሪያ የሠራሁትን ይዤልህ ስመጣ አፍሬ፣ ከውጭ ነው አልኩህ። በርበሬ በርበሬ የሚለው… ሚስቴ ዘይነባ በርበሬዋን የምታሰጣበት ቆርቆሮ ላይ ነው ቅጠሉን የማደርቀው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም? እንዲህ ያለ አጭሼ አላውቅም ስትለኝ ጊዜ እርሻውን አስፋፋሁት እኮ!»

ይህን ብሎ ወደ በሩ ጠቆመ። ስንቅነሽ ራቅ አለች። ከኋላዋ፣ ወለሉ ላይ፣ በገመድ የታሰረ ትልቅ የብርቱካን ካርቶን ነበር።

«ዘንድሮ አንድ አላመጣሁም» አለ ሙሜ በቀጭን ድምፅ። «መቶ ሃያ ነው።»

መጀመሪያ ስንቅነሽ ሳቀች፤ ቀጥሎ ሙሜ፤ ልሳነወርቅ መጨረሻ ላይ፣ እያሳለው። ሦስቱም ካርቶኑን እየጎተቱ ዛፉ ሥር አወጡት። ልሳነወርቅ መነጽሩን አደረገና አንድ በአንድ ጫን ጫን እያደረገ፣ እያሽከረከረ ወደ ጎን ያስቀምጥ ጀመር። ሙሜ ከሸሚዙ ኪስ የእርሻ ደብተሩን አወጣ።

«ይሄ ደርቋል።»

ሙሜ ጻፈ።

«ይሄ ተጠቅጥቋል። ይሄም።»

ጻፈ።

ሠላሳ ያህል ካለፈ በኋላ ልሳነወርቅ አንዱን ለየት አድርጎ ያዘው። አሸተተው። ጫፉን ቆረጠ፣ ለኮሰ፣ ዝግ ብሎ ሳበ። ጭሱን አፉ ውስጥ ያዝ አድርጎ ለቀቀው። ሙሜ እስክሪብቶውን እንዳነሳ ጠበቀ።

«እሺ?» አለ።

ልሳነወርቅ የባልንጀራውን ዓይን ቀጥ ብሎ አየ።

«ከአምናው ይብሳል።»

ሙሜ አንገቱን ነቀነቀ፤ ደስ ብሎት፣ አጥርቶ ጻፈው።