የልብ መኪና ያመጣሁት እኔ ነኝ

ይህን ሰሌዳ ቆማችሁ የምታነቡ ሁሉ፣ አንድ አንድ እጃችሁን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጉ። ዛሬ የሆንኩትን ሰምታችሁ ብትወድቁ የማነሣችሁበት አቅም የለኝም!

አዎ፣ እኔው ነኝ። ንጉሤ። ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ለመሆን የሚማረው። ባለፈው ሳምንት ስለ ተማሪ ቤታችን ሽሮ ጽፌ ከሥሩ በእርሳስ ስትሰዳደቡ የሰነበታችሁት በእኔ ወረቀት ነው።

ዛሬም ጻፉ። ከሥር ቦታ ትቼላችኋለሁ። ብቻ አባቴ በዚህ በኩል ሲያልፉ ካያችኋቸው ወረቀቱን ገንጥላችሁ ብሉት!

ነገሩ እንዲህ ነው።

ሐኪማችን ዶቶሬ፣ የአገራቸው የጣሊያን ሰዎች ሲሄዱ እሳቸው እዚሁ መቀሌ የቀሩት፣ ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ሳጥን ከፈቱና አራታችንን ተማሪዎች ጠሩን። «የልብ ማዳመጫ ምረጡ። የራሱ ያለው የራሱን ያምጣ» አሉን።

ፈተናው ዛሬ ነበር። የሰው ልብ አዳምጦ የሰሙትን መናገር፣ በቃ። ያለፈ ተማሪ በሽተኞች ክፍል ገብቶ ይሠራል። የወደቀ ይሰናበታል።

እኔ ብሰናበት የት እንደምገባ ታውቃላችሁ?

አባቴ ቢሮ! አባቴ ከሸዋ ተሾመው የመጡ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ናቸው። «የሰው ቁስል ከማጠብ ደብዳቤ መገልበጥ ይሻልሃል። ከወደቅህ ሰኞ ከጎኔ ትቀመጣለህ» ብለው ወንበር ሳይቀር አዘጋጅተዋል። ወንበሩን አይቼዋለሁ። አንዱ እግሩ አጭር ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ማዳመጫዎች ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ። ጎማቸው የተሰነጣጠቀ፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጫፋቸው የተበላ። አብራን የምትማረው ትርሓስ፣ የዚሁ የመቀሌ ልጅ፣ አንድ በአንድ እያነሣች ደረቷ ላይ እያደረገች፣ ዓይኗን ጨፍና ስታዳምጥ ቆየችና አንዱን መረጠች።

የመረጠችውን ብታዩት! በቢስክሌት ጎማ ቁራጭ የተጠጋገነ!

ሳቅኩባት። ጮክ ብዬ ነው የሳቅኩት። እግዜር ደግሞ ሲሰማ አይረሳም።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ? አልሞትኩም! የራሴን አመጣለሁ ብዬ ሰኞ ገበያ ወረድኩ።

ጣሊያን ጥሎት የሄደው ዕቃ ሁሉ እዚያ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ብሎን፣ ፋኖስ፣ የአንድ እግር ቡትስ። ከብሎኑ መኻል አንድ ማዳመጫ አየሁ።

ወገኖቼ!

ያብረቀርቃል። ይከብዳል። ጎማው ቀይ! ከታች ደግሞ ዶቶሬ እንኳን የሌላቸው፣ አንድ ስንዝር ሙሉ ቀጭን የብረት ዘንግ አለው።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩት ነጋዴውን። አማርኛ አይሰማም። በትግርኛ «መስምዒ ልቢ ማኪና እዩ» አለኝ።

ታዲያ አራት ዓመት መቀሌ ኖሬ ይህቺ ትጠፋኛለች? መስምዒ ያው መስሚያ። ልቢ ያው ልብ። ማኪና ያው መኪና። የልብ መስሚያ መኪና! የስፌት መኪና ካለ የልብ መኪና ለምን አይኖርም?

ነጋዴው ካፖርቴን አየት አደረገ። አውልቄ ሰጠሁት። በዚህ ንፋስ!

ዘንጉስ ለምንድነው አትሉኝም? እኔም አስቤበታለሁ። የወፍራም ሰው ልብ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ ዘንግ ያስፈልገዋል። እንዲህ የሚያስብ ጭንቅላት ነው የተሰጠኝ፣ ምን ታደርጉታላችሁ።

ሞክረኸዋል ወይ ለምትሉኝ፣ ለምን እሞክረዋለሁ? ጥሩ ዕቃ ያስታውቃል እኮ! በነጠላ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ደበቅኩት። በፈተናው ቀን ሁሉም አይቶ እንዲደነግጥልኝ ነበር ሐሳቤ።

ደነገጡ።

ዛሬ ጠዋት ዶቶሬ ከአልጋው ራስጌ ቆመዋል። አልጋው ላይ የተኙት ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደሴ አስመራ ካሚዮን ሲነዱ የኖሩ ሹፌር። እዚሁ አጠገባችን ቁሓ ሲደርሱ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው ተደግፈው የመጡት።

ትርሓስ ቀደመች። ያንን የተጠጋገነ ነገሯን ሰክታ አዳመጠችና እኛ እንዳንሰማ ለዶቶሬ ሹክ አለቻቸው። «ብራቫ!» አሏት። አለፈች።

ተራዬ ደረሰ። ነጠላዬን ፈታሁ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። እኔ አድናቆት መስሎኛል!

ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ዘንጉን በጋሽ ሰይድ ሁለት የጎድን አጥንቶች መኻል ተከልኩት።

«ያ ረቢ!»

ጋሽ ሰይድ ከአልጋው ብድግ አሉ። ጩኸቱ በዚያ ዕቃ አልፎ ጆሮዬ ሲደርስ እኔም ብድግ አልኩ! አሁን ይህን ስጽፍ እንኳን ቀኝ ጆሮዬ ይጮኻል።

ያኔ መተው ነበረብኝ። አልተውኩም። «ጋሽ ሰይድ፣ እባክዎ አይንቀሳቀሱ። ልብዎን ላገኘው አልቻልኩም» አልኳቸው።

«ልቤንማ ወግተህ ልታወጣው ነው!» አሉና ዕቃውን ያዝ አደረጉ። ገልበጥ አድርገው አዩት። ሕመማቸውን ረሱት። «አንተ! ይሄ እኮ የሞተር ማዳመጫ ነው! የእኛ መካኒክ ሞተሩ የት ጋ እንደሚያንኳኳ የሚሰማው በዚህ ነው!»

ሞተር።

የካሚዮን ሞተር!

«ማዶና!» አሉ ዶቶሬ ጭንቅላታቸውን ይዘው። «ንጉሤ! ሰው ነው! ካሚዮን አይደለም!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ገና ክርክር ላይ ነኝ! «ነጋዴው በግልጽ ነግሮኛል፤ ልቢ ማኪና ብሎኛል!» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሁሉም እንዲመሰክርልኝ።

ትርሓስ መጀመሪያ ሆዷን ያዘች። ቀጥሎ የአልጋውን ብረት ያዘች። ትንፋሿ ሲመለስላት «በእኛ ቋንቋ እኮ ባለቤቱ ከኋላ ነው የሚመጣው» አለችኝ። «ልቢ ማኪና ማለት የመኪና ልብ ነው፣ ንጉሤ። ሰውዬውማ እውነቱን ነግሮሃል።»

እኔን ያቃጠለኝ ይኼ ነው! ቢዋሸኝ ኖሮ ሌባ ብዬ በዚህ ሰሌዳ ስሙን አጠፋው ነበር። አሁን ማንን ልስደብ?

ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። በሽተኛው ይስቃል፣ አስታማሚው ይስቃል፣ እግሩ የተሰበረው እግሩን ይዞ ይስቃል። እኔ ግን አልሳቅኩም። አባቴ አጠገብ፣ እግሩ አጭር ወንበር ላይ እየተንገዳገድኩ የሰው ደብዳቤ ስገለብጥ አርጅቼ ታየኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። እውነቴን ነው፣ በዚህኛው አትቀልዱብኝ። ይህን ሥራ እወደዋለሁ።

ጋሽ ሰይድም ሲስቁ ሲስቁ ድንገት ዝም አሉ። ትንፋሽ አጠራቸው። ደረታቸውን ያዙ።

ዕቃውን ወርውሬ፣ ምንም ሳላስብ፣ ባዶ ጆሮዬን ደረታቸው ላይ ለጠፍኩ።

ሰማሁት!

ድው፣ ድው፣ ድው። ከዚያ ዝም። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ እንደገና ድው። «ዶቶሬ! በየሦስቱ አንድ ይዘላል!» ብዬ ጮኽኩ።

ጋሽ ሰይድን ቀና አድርገን በትራስ ደገፍናቸው። ትንፋሻቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ዶቶሬ የራሳቸውን ማዳመጫ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዳመጡና ቀና ብለው ትርሓስን አዩ። ትርሓስ ራሷን ነቀነቀች። ለካ እሷም ሹክ ያለቻቸው ይህንኑ ነው።

«አብሽር፣ ሜካኒኮ» አሉኝ ጋሽ ሰይድ እጄን ይዘው። በሽተኛው እኔን ሲያጽናና አያችሁልኝ?

ዶቶሬ ወደ እኔ ዞሩ። «ጆሮ፣ ጥሩ» አሉ። «ጭንቅላት...» አሉና ቃል ፈለጉ። በአማርኛ አጡት። በጣሊያንኛም ያጡት ይመስለኛል። «ባስታ! አልፈሃል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ዕቃ የምትመርጥልህ ትርሓስ ናት። ፋሻም ቢሆን!»

አለፍኩ! አባቴ ወንበሩን ለሌላ ይስጡት!

ትርሓስም አልዘገየችም። ከሳጥኑ ውስጥ የመጨረሻውን አስቀያሚ አውጥታ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችው። ጥቁር ነው፣ ይሸታል፣ በክር የታሰረ ነው። የዝንብ እርምጃ ያሰማል!

ዛሬ ማታ በደስታ መተኛት ነበረብኝ። ግን አንድ ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ።

አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ በትግርኛ የተባልኩትን ሁሉ ከኋላ ወደ ፊት እየሰማሁ ነው የኖርኩት ማለት ነው! የቤት አከራያችን፣ ውኃ የምታመጣልን ሴትዮ፣ ራሷ ትርሓስ፣ አንድ ነገር ሲሉኝ ምርቃት እየመሰለኝ እጅ ነሥቼ «የቐንየለይ» ብዬ አመሰግናለሁ። እነሱ ደግሞ ይስቃሉ። እኔ ሳቂታ ሕዝብ ነው እያልኩ ለዘመዶቼ እጽፋለሁ!

ኧረ ትግርኛ የምታውቁ፣ እዚህ ከሥር በእርሳስ እቅጩን ንገሩኝ። ስንቱን ስድብ ነው ያመሰገንኩት?