ኳሱ መጀመሪያ ለታላቅ

የልጅ እንጀራ ምን ላይ እንደተንጠለጠለ የሚያውቅ ሰው እንቅልፍ የለውም። ልጁ ዓረብ አገር ከሆነ ቢያንስ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮት ይጨነቃል፤ ልምዱ አለና። የእህቴ ልጅ የእመቤት እንጀራ ግን ኳስ ላይ ነው። ይሄ እኛ ከተማ መካነ ሰላም ላይ ለማን ይነገራል? «ምን ትሠራለች?» ሲሉኝ «ቅርጫት ኳስ» እላለሁ። «እሱስ ይሁን፣ ሥራዋ ምንድን ነው?» ይሉኛል።

እመቤት አዲስ አበባ ባለ አንድ ክለብ ውስጥ ፖይንት ጋርድ ናት። ከቡድኑ አጭሯ ብትሆንም ኳሱን እያነጠረች አምጥታ ለማን እንደሚሰጥ የምትወስነው እሷ ናት። ችግሩ የእህቴ ባል የጋሽ ይመር ልጅ መሆኗ ነው። እሳቸው ቤት የእጅ ውሃ እንኳ የሚፈሰው በዕድሜ ተራ ነው፤ ታላቅ ሳይቀድም ታናሽ እጁን አይዘረጋም። ልጅቱ ይህንኑ ይዛ ሜዳ ገባች። ታላቂቱ ተጫዋች በሦስት ሰው ብትከበብም ኳሱ መጀመሪያ ለእሷ ነው። አሠልጣኙ ቢለምናት፣ ቢቆጣት አልሆነም። በመጨረሻ ቁርጡን ነገራት፤ በመጪው ጨዋታ ራሷ ካልወረወረች ውሏ አይታደስም። ካልታደሰ ደግሞ ወደ ቤት መመለስ፣ ከዚያም እንደ እህቶቿ ፓስፖርት አውጥቶ ዓረብ አገር መሄድ ነው።

ይህን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። «አጎቴ፣ እጄ እኮ እምቢ ይለኛል» ብላ አለቀሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጭንቀቷ የእኔም ሆነ። እናንተ ብትሆኑ ለአባቷ ትነግሩ ነበር? እኔ ፈራሁ።

ጨዋታውን ከጋሽ ይመር ጋር ስልኬ ላይ አጎንብሰን አየነው። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ነፍሴም አብራው። እመቤት ትሰጣለች፣ አሁንም ትሰጣለች። እሳቸው በኩራት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እኔን ያልበኛል። ማብቂያው ላይ በአንድ ነጥብ እየተመሩ ኳሱ እጇ ገባ። ከፊቷ ማንም የለም። ታላቂቱ ከጎን እጇን ዘርግታ ትጣራለች።

«ስጫት እንጂ ልጄ!» አሉ ጋሽ ይመር።

ወረወረች። ገባ!

እኔ ዘለልኩ፤ እሳቸው ራሳቸውን መነቅነቁን ተዉ። ቆይታ ስትደውል ስልኩን ሰጠኋቸው።

«አባዬ፣ ውሌን አደሱልኝ! ፈረምኩ!»

«እሰይ! አብሽሪ ልጄ» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ታላቅሽ ቆማ? ሁለተኛ አይልመድሽ።»

«እሺ አባዬ» አለች።

ይህችን «እሺ» አውቃታለሁ፤ የእውነት ናት። ውሉ የአንድ ዓመት ነው። እኔም ጭንቀቴን በዚያው ቀን አደስኩ።