በአንድ ጠዋት ስድስት ጠመንጃ ፌይል ያደረግኩት ጀግና

ዛሬ አንድ የሁለት ልጆች አባት ጃኬቱን ለብሶ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ከሥራ መባረሩን ሲጠብቅ አየሁ።

እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ!

ባስ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ስሙኝማ።

ለማታውቁኝ፦ ዘንድሮ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ጨረስኩ። አፕላይ ሳደርግ፣ አፕላይ ሳደርግ ከርሜ በመጨረሻ ሥራ አገኘሁ። የት? ጠመንጃ ቤት!

አትደንግጡ! የስፖርት ጠመንጃ ነው። በአየር ግፊት የሚሠራ፣ ወረቀት ላይ ያለች ጥቁር ነጥብ ለመምታት ብቻ። ሃክኒ ከሚባለው ሰፈር አለፍ ብሎ ያለች ትንሽ ወርክሾፕ ናት። እማዬ ለቤተክርስቲያን ሰዎች "ልጄ ማሽን ነው የምትሠራው" ትላለች። ጠመንጃ የሚለውን ቃል ትውጠዋለች።

እኔ የመጨረሻውን ቼክ ነው የማደርገው። ጠመንጃው ከመታሸጉ በፊት እኔ ጋ ይመጣል። መጀመሪያ ማሰሪያ ላይ ጥፍር አድርጌ አስሬ እተኩሳለሁ። የሰው እጅ ስለማይነካው ጥይቶቹ ሁሉ በአንዲት ቀዳዳ መግባት አለባቸው። ከገቡ አፈሙዙ ጥሩ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላኛው ማነጣጠሪያ በኩል አያለሁ። ዓይን በሚጠጋበት በኩል ትንሽ መስታወት አለችው። ግድግዳው ላይ ያለው ነጥብ ክብና ጥርት ያለ ሆኖ መታየት አለበት። አለቀ።

ማነጣጠሪያውን የሚገጥመው ቶኒ ነው። በኛ ቢሆን አንቱ የሚባል ሰውዬ ነው፣ እዚህ ቶኒ ነው። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት። ጠባዩ ግን... ተዉት። "ጉድ ሞርኒንግ" ስለው ጉሮሮውን ይጠርጋል። የገባሁ ቀን የኮት መስቀያውን በአገጩ እያሳየኝ "ዲግሪሽን እዚያ ጋ መስቀል ትችያለሽ" ያለኝ ሰው ነው።

በቅርቡ አንድ ብሎን ሳያጠብቅ ቀርቶ ማነጣጠሪያው ደንበኛ እጅ ላይ ወልቋል። አለቃችን ጆአን በሁላችንም ፊት "ሌላ አንድ ከደገምክ እኔም ላድንህ አልችልም" ብላዋለች።

ይሄን አውቅ ነበር። አስምሩበት።

ዛሬ ስገባ ስድስት ጠመንጃ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ለአንድ የወጣቶች ክለብ ነው፣ ከሰዓት መኪና መጥቶ ይወስደዋል።

የመጀመሪያውን አሰርኩ፣ ተኮስኩ። አንድ ቀዳዳ። ምርጥ! በማነጣጠሪያው አየሁ።

ቆይ።

ነጥቡ ጎኑ ተነክሷል። የተገመጠ ዳቦ ይመስላል።

መስታወቱን የያዘውን ቀለበት በጣቴ አዟዙሬ፣ ጠጋ ብዬ እንደገና አየሁ። ባሰበት! አሁን ጭራሽ ሁለት ነጥብ ሆነ።

ሁለተኛው? ያው። ሦስተኛው? ጭጋግ። ስድስቱንም አየሁ።

ስድስቱም!

እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ከገባሁ ጀምሮ "ይሄ ደህና ነው፣ ይሄም ደህና ነው" ከማለት በቀር ሥራ የለኝም ነበር። በስንት ጊዜዬ ስህተት አገኘሁ! ሎጂኩም ቁልጭ ያለ ነው። ጥይቱ አንድ ቀዳዳ ከበሳ አፈሙዙ ደህና ነው። ማየት ካልተቻለ ችግሩ ማነጣጠሪያው ነው። ማነጣጠሪያው የማን ሥራ ነው?

ኖርማል ሰው ምን ያደርጋል? ሄዶ "ቶኒ፣ እስቲ ናና አንዴ እየው" ይላል።

እኔስ? ኢሜይል! ለሁሉም! "ስድስት ከስድስት ወድቀዋል። ከባድ የመገጣጠም ጥራት ጉድለት።" ቀይ ባንዲራ ሁሉ ለጥፌበታለሁ። ሴንድ!

ወርክሾፑ ውስጥ ስልኮች ተራ በተራ ቲን፣ ቲን፣ ቲን አሉ። ከዚያ ሬዲዮው ጠፋ። ማን እንዳጠፋው አላየሁም።

ጆአን ከቢሮዋ ወጣች።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"መቶ ፐርሰንት!" ምላሴን በቆረጠው!

አንዱን አንስታ አየች። ፊቷ ጠቆረ። ለሷም ጭጋግ ነው። ቶኒ ሊመጣ ብድግ ሲል "አትንካቸው! እንዳሉ ይቀመጡ" አለችው።

"ትናንት አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ" አለ።

"ባለፈውም እንደዚያ ነው ያልከኝ።"

ቶኒ ጃኬቱን ከመስቀያው አወረደ፣ ለበሰ፣ ዚፑን እስከ አንገቱ ዘጋ፣ ተቀመጠ። ጆአን ለወርክሾፑ ባለቤት ልትደውል ገብታ በሯን ዘጋች። እኔን ደግሞ "ለማስረጃ ፎቶ አንሺ" ብላኛለች።

ያቺን ዚፕ ሳይ ነው ደስታዬ የቀዘቀዘው።

ለማወዳደሪያ ብዬ ከቶኒ መደርደሪያ አንድ አዲስ፣ ገና ያልተገጠመ ማነጣጠሪያ አመጣሁ። አየሁበት። ክብ! ጥርት! የሚያምር!

ስልኬን ከኪሴ አወጣሁና ጠጋ ብዬ እንደገና አየሁ።

ጭጋግ።

ምን?! አሁን እኮ ደህና ነበር! ማንም አልነካውም! ከኔ በቀር...

ከኔ በቀር።

መስታወቱን ወደ መብራት አዞርኩት። ላዩ ላይ የጣት አሻራ አለ፣ ከነመስመሩ። ከጎኑ ቀጫጭን ጭረቶች። የሽፋሽፍት ቅርጽ! ጣቴን አየሁት፣ ያብረቀርቃል። ጉንጬን ነካሁ፣ ጣቴ ተንሸራተተ።

ቫዝሊን!!!

እናንተዬ! ጠዋት ኪልበርን፣ ቤታችን በር ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። እማዬ ከሂትሮው ኤርፖርት የሌሊት ሽፍት ስትገባ፣ እኔ ስወጣ ተገናኘን። ዛሬ ደግሞ የዘንድሮ የመጀመሪያው ብርድ ነው። አገጬን ይዛ አገላብጣ አየችኝና "ውይ በሞትኩት! አመድ መስለሽ ነው ሰው ፊት የምትቀርቢው?" አለች። አውራ ጣቷ ቫዝሊኑ ውስጥ ገባ። ግንባር፣ ጉንጭ፣ ቅንድብ፣ የዓይን ቆቤ ሳይቀር! የተረፈውን እጄ ላይ።

"እማዬ፣ ባሱ አመለጠኝ!"

"ባስ ሌላ ይመጣል። ፊት ሌላ አይመጣም!"

ይሄን ለሀበሻ ልጅ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እምቢ አይባልም።

ጓንት የለም ወይ? አለ! "መስታወት በባዶ እጅ አይነካም፣ ከማየትሽ በፊት ጥረጊው" ተብያለሁ። ጓንቱ ሰፋብኝ፣ አዘገየኝ፣ አወለቅኩት። መጥረግ? ማን ጊዜ አለው!

አሁን ነው ጉዱ። ማንም አላየኝም። መጥረጊያ ጨርቁ ፊቴ ነው። ቶኒም እኮ በቅባት ነው የሚሠራው! "ቅባት ነክቷቸው ነው፣ ጠርጌያቸዋለሁ" ብል ውሸት አይደለም። ቅባቱ የማን ነው ብሎ ማን ይጠይቀኛል?

ጨርቁን አነሳሁ።

ቀና ስል ቶኒ ስልኩ ላይ የሆነ ነገር ይጽፋል። ይሰርዛል። ይጽፋል። ይሰርዛል።

ጨርቁን አስቀመጥኩት። የጆአንን በር ሳላንኳኳ በረገድኩት። ስልክ ላይ ናት።

"ፊቴ ነው!" አልኩ።

"ምን?"

"ጥፋቱ ፊቴ ነው! ነይ ጉንጬን ንኪው!"

ጉንጬን አልነካችም። መጥታ መስታወቶቹን ጠረገች፣ በየተራ አየች። ከዚያ "በኢሜይል ነው የከሰስሽው። በኢሜይል መልሺው። ለሁሉም" አለችኝ።

ጻፍኩ። "ጭጋጉ የቶኒ ጥፋት አይደለም። የኔ ፊት ቫዝሊን ነው። ጓንትም አላደረግኩም። ይቅርታ።"

ቲን፣ ቲን፣ ቲን። ከማሽኑ ጀርባ አንዱ እስኪያስለው ሳቀ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እግሯን እስም ነበር።

ቶኒ ጋ ሄድኩ። "ቶኒ፣ በጣም ሶሪ።"

"ለትልቋ ልጄ ተባረርኩ ብዬ ቴክስት አድርጌላት ነበር" አለኝ። ሌላ የለም። ይቅር ብዬሻለሁ ምናምን የለም። እኔም ብሆን አልልም።

አላለቀም! ጆአን "ስድስቱንም እንደገና። እሱ አጠገብሽ ይቀመጣል" አለች።

ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን በእጅ ሳሙና ፈተግኩት፣ ቆዳዬ ከበሮ ሆነ። ጓንት አጠለቅኩ። ቶኒ ጃኬቱን እንደለበሰ ወንበር ስቦ ጎኔ ተቀመጠ። ትንፋሹን እሰማለሁ።

አንደኛው ጥርት። ሁለተኛው ጥርት። "ዋው፣ በጣም ምርጥ ሥራ ነው ቶኒ!"

"አታሞግሺኝ። እዪ።"

ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ሰላም። አምስተኛው ጥርት ያለ ነው። ግን ነጥቡ መሃል አይደለም። ወደ ጎን ሄዷል። በጓንቴ ነካ ሳደርገው ማነጣጠሪያው ቅንጣት ታህል ተነቃነቀ።

ብሎኑ አልጠበቀም!!

ጌታዬ፣ አሁን ይሄ ምን የሚሉት ፈተና ነው? ቫዝሊን ብሎን አይፈታም። ይሄ የሱ ነው። "ሌላ አንድ" የተባለው ይሄው ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ አንድ ልጅ ኢላማዋን በሳተች ቁጥር እጄ ነው ብላ ታለቅሳለች።

ጠረግኩ። አየሁ። ጠረግኩ። አየሁ።

"ምን ሆንሽ?" አለ ቶኒ።

"ምንም።" ምንም?! እኔ ነኝ ምንም ያልኩት?

"ቶኒ..." ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ የድመት ግልገል ነው የሚመስለው። "አምስተኛው... ትንሽ... ይነቃነቃል መሰለኝ።"

አፈጠጠብኝ። "ፊትሽን ታጥበሻል?"

"ታጥቤያለሁ።"

ጎንበስ ብሎ በጣቱ ገፋ አደረገው። እንደገና ገፋው። ከኪሱ መፍቻ አውጥቶ አጠበቀው።

ጆአን ከበሯ ላይ "እንዴት ነው?" አለች።

እኔ መስታወት መጥረግ ጀመርኩ። የጠረግኩትን! ቶኒ ግን ቀና አለና "የአምስተኛው ብሎን ላልቶ ነበር። አገኘችው" አላት።

ጆአን እሱን አየች፣ እኔን አየች።

"መኪናው ሳይመጣ ነው የተገኘው አይደል? በቃ እሸጉት" ብላ ገባች።

ቶኒ ጉሮሮውን ጠረገ። ጉድ ሞርኒንግ ይሁን ስድብ አላውቅም።

እና ባስ ላይ ቁጭ ብዬ የማስበው ይሄን ነው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ትክክል የሆንኩት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱንም በሹክሹክታ። ስሳሳት ግን ለወርክሾፑ በሙሉ፣ ከነቀይ ባንዲራው!

እናንተም እንደዚህ ናችሁ፣ ወይስ እኔ ብቻ ነኝ ፌይል መደረግ ያለብኝ?