ክቡር ስምሪት እና ዘጠኙ ጫፎች

ሰው በቡድን ተራራ በሚወጣበት አገር ሁሉ አንድ ክቡር ስምሪት አይጠፋም። ከጠፋ፣ ያ ቡድን ገና ከመኪናው አልወረደም ማለት ነው።

ክቡርነታቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአውቶቡስ ስምሪት ኃላፊ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ አሰናበታቸው እንጂ ሥራው አልለቀቃቸውም። አቀበቱን ከሁሉ ቀድመው ይጨርሳሉ፤ ጫፉ ላይ የሚመች ድንጋይ መርጠው ይቀመጣሉ፤ ከቴርሞሳቸው ሻይ ቀድተው ፉት እያሉ አገር ምድሩን ይቃኛሉ። የመጨረሻዋ ሰው ምላሷ እስኪወጣ ተጎትታ ትደርስና ቦርሳዋን ለማውረድ አንድ እጇን ከማንገቻው ስታወጣ፣ ክቡርነታቸው ሱሪያቸውን አራግፈው ብድግ ይላሉ።

«ከተሟላን እንንቀሳቀስ!»

ያቺ የመጨረሻዋ ሰው ሁልጊዜ ፋርማሲስቷ ናት። ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒ ጀርባ ቆማ ስለምትውል እግር አላነሳትም፤ የሚያንሳት ትንፋሽ ነው። ከተራራ ወጪዎቹ ማኅበር ጋር መውጣት ከጀመረች ወዲህ ከክቡር ስምሪት ጋር አንድ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ስትደርስ ይነሳሉ፣ በቃ።

«እቤትም ያው ነው» ይላሉ ባለቤታቸው። «ግብዣ ሄደን የመጨረሻው ሰው ማንኪያውን ሲያስቀምጥ እሱ ኮፍያውን አድርጓል። የልጃችን ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን ሊያስነሳ ሲል ኮቱን ጎትቼ ነው ያስቀመጥኩት።»

ጉዞ ሲጀመር ደግሞ የሰው ቦርሳ ይፈትሻሉ። አንድ ጊዜ ከፋርማሲስቷ ቦርሳ ጃንጥላ አውጥተው፣ ኮንትሮባንድ እንደያዘ ፈታሽ ከፍ አድርገው ለሕዝብ አሳዩ። «ይሄ ለማን ነው እህቴ? ለተራራው?» ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድባቸው የጃንጥላውን ነገር ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

የማኅበሩ ትልቁ ፈተና ዘጠኙ ጫፎች ነው። ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ፣ ረጅሙን ሸንተረር ከዳር እስከ ዳር መጨረስ። እያንዳንዱ ጫፍ ላይ የድንጋይ ክምር አለ፤ በእጅ ይነካል። ያልተነካ ጫፍ አልተወጣም። ዳኛ የለም፤ ዳኛው የራስ አፍ ነው። ፋርማሲስቷ ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለቱንም ጊዜ ከመሃል ተመልሳለች። ዘንድሮም ካልሆነላት ጫማዋን ለእህቷ ልጅ ሰጥታ ነገሩን እርግፍ አድርጋ ልትተው ወስናለች።

እስከ ሰባተኛው ጫፍ ድረስ ደህና መጣች። ስምንተኛው ላይ ጉሙ ወረደ። ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው ቀድመዋል። ብቻዋን እየዳበሰች ወጣች፤ የድንጋይ ክምር አገኘች፤ ነካችው፤ ደስ ብሏት ወረደች። ቡድኑ ጉሙን ሸሽቶ ከታች፣ በስምንተኛውና በዘጠነኛው ጫፍ መሃል ባለው ዝቅታ እየጠበቃት ነበር።

«ነካሽው?» አሉ ክቡርነታቸው።

«ነካሁት ጋሼ።»

«ክምሩ ላይ የቆመውን ብረትስ አየሽው?»

ብረት አላየችም። የነካችው የመውረጃውን መንገድ ለማመልከት የተከመረውን ድንጋይ ነው፤ እውነተኛው ጫፍ ከዚያ በላይ ቀርቷል። «አዎ» ብትል የሚያውቅባት አልነበረም።

«ብረት አላየሁም» አለች።

«ተይው እባክሽ» አለ ከቡድኑ አንዱ የሆነው የጥርስ ሐኪም። «በዚህ ጉም ማን አየሽ?»

ሁሉም ወደ ክቡርነታቸው ዞረ። እሷም የሚሉትን ታውቀዋለችና ቦርሳዋን ልታነሳ ጎንበስ አለች።

«አልተሟላንም» አሉ። «ዶክተር፣ አንተ ሌሎቹን ይዘህ ቅደም። እህቴ፣ ነይ እንመለስ። ፊት ፊት ሂጂ።»

እሳቸው ስምንተኛውን ነክተው ጨርሰዋል። ዳገቱ ደግሞ በቀን ብርሃንም የሚያስለቅስ ነው። እሷ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው ጀመሩት። ከሰው ኋላ ሲሄዱ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው።

ትንሽ እንደሄዱ ከኋላዋ አንድ ድምፅ ሰማች። መጀመሪያ ነፋስ መሰላት። ነፋስ አልነበረም፤ ክቡርነታቸው ነበሩ፣ ሲያለከልኩ። እንደ አሮጌ አውቶቡስ ያፏጫሉ፣ ይቆማሉ፣ ደግሞ ይነሳሉ። ዞር ስትል ጉልበታቸውን ተደግፈው አገኘቻቸው።

«ምን ታያለሽ? ሂጂ!» አሉና፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩበት። «ቀድሜ የምወጣው እንዲህ ስሆን ማንም እንዳያየኝ ነው። ወረፋ ከሚጠብቅ ሕዝብ ፊት ኃላፊ አያለከልክም።»

ስንት ዓመት በልቧ የረገመችው ያ ቴርሞስ ለካ መሸሸጊያ ኖሯል! አልሳቀችም፤ የሰው ሕመም በአደራ መያዝ ሙያዋ ነው።

«እኔ ምንም አልሰማሁም ጋሼ» አለችና እርምጃዋን አዘገየች።

ብረቱን አገኙት፤ ክምሩን በሁለት እጇ ነካችው። ወርደው የመጨረሻውን አቀበት ሲጀምሩ ጉሙ ተገፈፈ፤ ጀንበሯም ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ሌሎቹ ዘጠነኛውን ነክተው ወደ ማዶ ወርደዋል። ፋርማሲስቷ ቀድማ ደረሰች፤ መዳፏን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። ሆነላት። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ግን ከበታቿ ያ ፉጨት እየተቃረበ ነበር።

አፏን ዘጋች። ለዳገቱ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጭ አለችና፣ ጥብቅ ብሎ የታሰረውን የጫማዋን ክር ፈትታ እንደገና ማሰር ጀመረች። አንዱን ስትጨርስ ወደ ሌላው ሄደች። ከኋላዋ ያለው ሰው ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ኮፍያውን እስኪያስተካክል ድረስ ቀና አላለችም።