ጠበቃዋና ጊደሬ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉ። የሀገያ ዝናብ ገብቷል፤ የነገሌ ቀይ አቧራ በዝናቡ ጭቃ ሆኗልና የትም አትሄዱም። እኔ ወሬ አለኝ፣ እናንተ መሄጃ የላችሁም። እንግዲህ ስሙኝ።

ቅናት ጥርስ ሲረግፍ አብሮ የሚረግፍ ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። የልጅ ልጅ ካየሁ፣ ጉልበቴም ከከዳኝ፣ ባሌም ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ማን ማንን ይወስዳል ብዬ ተዝናንቼ ሳለ፣ ጠበቃ የምትባል ነገር ቤቴ ገባች።

ባሌ አባ ሊበን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የድንጋይ መፍጫ ዘበኛ ነበር። አንድ ቀን በሩን ሲከፍት ጠጠር የጫነ ገልባጭ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ እግሩን ደፈጠጠው። እግሩ ተረፈ፤ ጉልበቱ ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም። አሠሪው «የራሱ ጥፋት ነው» ብሎ ገሸሽ ሲል፣ ሰናይት የምትባል ወጣት ጠበቃ «ስናሸንፍ ትከፍሉኛላችሁ» ብላ ጉዳዩን ያዘችለት። ተከራክራም የጉዳት ካሳ አስፈረደችለት። እሰይ ስንል አሠሪው ይግባኝ አለ። እሷም ቦርሳዋን አንጠልጥላ እንደገና ቤታችን ትመላለስ ጀመር።

እኔን ያመመኝ እዚህ ላይ ነው። ለልጃችን ሠርግ እንኳ ሸሚዝ ያላስተኮሰ ሰው፣ ለይግባኝ ቀጠሮ ሽቶ አማረው! «ያቺ ልጅ እኮ ስትናገር ዳኛው እስክሪብቶውን ያስቀምጣል» ይለኛል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር እሱ ምን አስቀምጦልኝ ያውቃል? ከዘራውን እንኳ አያስቀምጥም።

አሠሪው በይግባኙም ተረታ። የዚያን ቀን አባ ሊበን ደስታው አናቱ ላይ ወጥቶ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ሰናይትን መረቃትና «ዳላቲን ሰጥቼሻለሁ!» አላት። ዳላቲ በእጄ ሣር እያጨድኩ ያሳደግኳት አመድማ ጊደሬ ናት። ልጅቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

የቀረው የጠበቃዋ ዋጋ ነበር። ለይግባኙ የደከመችበትን አሠሪው ይክፈል፣ መጠኑንም ዳኛው ተገቢ ያሉትን ይወስኑ ብላ አመለከተች። አሠሪው ካልከፈለ ግን ዋጋዋ የሚወጣው ከእግሩ ካሳ ነው፤ ያ ካሳ ደግሞ የእርጅናችን ጉርሻ ነው። በቀጠሮው የአሠሪው ጠበቃ ተነሣና «ጊደር ተቀብላለች! ዋጋዋን ካገኘች እኛ የምንከፍለው ምኑን ነው?» አለ። አባ ሊበን አንገቱን ደፋ። ሰጠሁ ያለውን አልሰጠሁም ማለት ለቦረና ሽማግሌ ከእግር ስብራት ይብሳል።

እኔ ከኋላ ወንበር ብድግ አልኩ።

«እማማ፣ ይቀመጡ» አሉኝ ዳኛው።

«አልቀመጥም ጌታዬ! ዳላቲ የኔ ናት፤ ስዳር አማቴ ከሰጠችኝ ላም ዘር ናት። በዚህ አገር የሚስት ከብት ያለ ሚስት ቃል ከበረት ትወጣለች እንዴ? ይሄ ሽማግሌ ቆንጆ ባየ ቁጥር የሰው ንብረት ያድላል!»

ዳኛው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። የዚሁ አገር ልጅ ናቸውና ደንቡን ያውቁታል። ጊደሯ አልተሰጠችም አሉ፤ ለይግባኙ ተገቢ ነው ያሉትን ዋጋም አሠሪው እንዲከፍል ወሰኑ።

ጉዴን አያችሁ? ጊደሬን ላስጥል ተነሥቼ ለባላንጣዬ አስፈርጄ ወጣሁ! ደጅ ላይ አቅፋኝ «እማማ፣ የኔ ጠበቃ እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ሽቶዋ ነጠላዬ ላይ ቀረ። አባ ሊበንም ጠጋ ብሎ «ሀዳ ሊበን» አለኝ፣ የሊበን እናት ማለቱ ነው፤ «ስትናገሪ ዳኛው እስክሪብቶውን አስቀመጠ እኮ፣ አየሽ?»

አላይም እንዴ!

ከዚያ ወዲህ አሠሪው ድንጋይ መፍጫውን ነቅሎ ወደ ሜጋ ሄደ። ሰናይት ተድራ ሐዋሳ ትኖራለች፤ ባሏ መልከ መልካም ነው አሉ፣ ተመስገን። ዳላቲ ወለደች፤ ጥጃዋን እኔው ራሴ፣ በገዛ ቃሌ፣ ለሰናይት ሰጠኋት፤ ጥጃዋ ግን እዚሁ በረቴ ውስጥ አለች። አባ ሊበን በካሳው ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ተቀምጦ ይሸጣል። አልፎ አልፎ «ያቺ ልጅ እኮ» ይላል። የዚያን ቀን ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል።